የቮልሴ ማብሪያ መጋል አቆመ

ደብረ ማርቆስ ላይ የምነዳት የድሮ ቮልስ አለችኝ። ከዳሽቦርዷ ሥር ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አሠርቼ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ ማብሪያዎች ገጠምኩላት። የጭጋግ መብራቱን ሳበራ ግን ማብሪያው ይግላል፣ መብራቱም ይደክማል። ለምን ቢባል፣ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባሉ፣ ያ ሁሉ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ዞሮ በማብሪያው ውስጥ ያልፋል። መፍትሔው ሪሌ ነው፤ ከማብሪያው በሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ወፍራም ሽቦ በ15 አምፔር ፊውዝ አሳልፌ የሪሌው 30 ቁጥር እግር ላይ፣ 87ን ወደ መብራቱ፣ 86ን ከማብሪያው፣ 85ን ከቦዲው ጋር አሰርኩ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ አደራ! ሽቦው ተልጦ ቦዲ ከነካ እሳት ነው። አሁን ወደ ደጀን ስወርድ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ማብሪያውም አይግልም። ባለ 6 ቮልት ቮልስ ያላችሁ፣ ሪሌውም ባለ 6 ቮልት ይሁን።