ወረዳን ለአየር ንብረት ለውጥ ማዘጋጀት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ወረዳዎችና ከተማ አስተዳደሮች ለአየር ንብረት ለውጥ እንዲዘጋጁ ለምታግዙ ሰዎች ነው። ለአማካሪዎች፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ከክልልና ከዞን ለምትላኩ ባለሙያዎች። ሥራው ከባድ ነው፤ ደግሞም የሰው ሕይወት አለበት። አንዳንድ ስህተቶች ግን መደጋገማቸው በዝቷል። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የሌላ ወረዳ ዕቅድ መገልበጥ

የቦረና ዞን ወረዳ ሰነድ ላይ «የክረምት ዝናብ ቢዘገይ» የሚል ካየሁ የቀረውን ማንበብ አልችልም። ቦረና ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ክረምት ሲገባለት እዚያ ደረቅ ነው።

የወቅት ትንበያን እንደ ቃል ኪዳን መውሰድ

የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የሚናገረው ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ወረዳ ሲደርስ ግን ዕድል የሚለው ነገር ይጠፋና «ዘንድሮ ዝናብ ጥሩ ነው» ይሆናል። የዘር ግዢም፣ የእህል ክምችትም በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ይወሰናል።

ሌላም ነገር አለ። ገበሬው የሚጠይቀው «ስንት ሚሊ ሜትር ይዘንባል?» ብሎ አይደለም። «መቼ ይገባል? መሃል ላይ ይቋረጣል ወይ? መቼ ይወጣል?» ነው። ድምሩ መደበኛ ሆኖ አበባ ላይ ሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ማሽላው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ወረዳውን «ዝናቡ ባይገባስ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። የወሎና የሰሜን ሸዋ ቆላ ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። የሚያዝያው ማሽላ ካልሆነለት ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ይዞራል። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ያ ዘር በጊዜው እጁ ላይ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ያን ዘር ሐምሌ ላይ መፈለግ ከጀመረ ረፍዷል።

ዕቅዱን ከበጀት ውጭ ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙው ልፋት መቀበሪያ ይህ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጽሕፈት ቤቶቹ የሚቀጥለውን ዓመት ፍላጎታቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ ከወራት በፊት ነው። እኛ የምንደርሰውስ መቼ ነው? ፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲለቀቅለት። ነሐሴ ሊሆን ይችላል፣ ጥቅምትም። አዳራሽ ይከራያል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሰነድ ይጻፋል፣ ካቢኔው አይቶ ያጸድቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ገንዘቡ ግን ተደልድሎ አልቋል። ሰነዱ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱን ደጃፍ ሳይረግጥ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በዓመቱ ሌላ ድርጅት ይመጣና «ይህ ወረዳ ዕቅድ የለውም» ብሎ እንደገና ይጀምራል።

የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከደመወዝ የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ጥቂት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ በሚሊዮን የሚቆጠር ግንባታ ጽፎ ይሄዳል። የሚያውቀው ግን ከፋይናንስ ኃላፊው ጎን ይቀመጣል። «ለጥገና የተያዘው መስመር ላይ ስንት አለ? መጠባበቂያውን በማን ፊርማ ማንቀሳቀስ ይቻላል?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ቆላ ወረዳ ላይ ያየሁት አሁንም ያናድደኛል። ድርቅ ነው። ውሃ በቦቴ ይመላለሳል። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን በመስመር ደርድረው፣ ተራቸው እንዳይወሰድ እያንዳንዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው፣ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ከሰልፉ ብዙ ሳይርቅ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ውሃው አልደረቀም። ቆሞ የነበረው ጄኔሬተሩ ነው፤ ቺንጋው ተበጥሷል። ቺንጋ ከተማ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ግን መለዋወጫ የሚገዛበት በጀት የለውም፤ ለመካኒኩ አበል የለውም፤ ለሞተር ሳይክሉም ቤንዚን የለውም። የቦቴው ወጪ ከዕርዳታ ስለመጣ በየቀኑ ይከፈላል። ወረዳው የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ ነበረው። «የውሃ ተቋማትን የመቋቋም አቅም ማጎልበት» ይላል። የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው ዕቃ፣ በማን ገንዘብ የሚለው አንድም ገጽ ላይ አልተጻፈም።

እለምናችኋለሁ፤ የመጀመሪያ ሥራችሁ የበጀት ካላንደሩን መያዝ ይሁን። ለአየር ንብረት ብቻ የተለየ ሰነድ ከማስጻፍ የውሃ፣ የግብርና፣ የጤናና የመንገድ ጽሕፈት ቤቶች ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ አንዳንድ መስመር ማስገባት ይበልጣል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ደግሞ የማኅበረሰብ ሥራው አለላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከን፣ ኩሬና የገጠር መንገድ ሲሠራበት ቆይቷል። የሚሠራበት ቦታ ምርጫ ላይ ገብታችሁ ካገዛችሁ አዲስ ገንዘብ ሳትጠይቁ ብዙ ይስተካከላል።

የአስተዳደር ወሰን ላይ መቆም

ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ያለቀው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነው። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ውሃው የወረደው ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማው ውስጥ የሚሠራው ግንብ ያስፈልጋል። ደጋው ላይ እርከን ከሌለ፣ ከላይ የሚደውል ሰው ከሌለ ግን ግንቡ ብቻውን አይበቃም። የላይኛው ወረዳ ባለሙያና የታችኛው ከተማ ባለሙያ ስልክ ተለዋውጠዋል ወይ? ስብሰባ ላይ ይህን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ጸጥታ ነው መልሱ። ውይይቱን ከተፋሰሱ ጀምሩት።

ችግኝ ቆጥሮ መሄድ

ስንት ተተከለ የሚለውን ተዉትና በሁለተኛው ዓመት ስንት እንደጸደቀ ጠይቁ። ምን እንደተተከለም ጠይቁ። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የገባው ለበጎ ነበር፤ በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ። ዛሬ የአዋሽን ዳርቻ የግጦሽ መሬት ወርሮታል፤ ሣሩን አጥፍቶ አርብቶ አደሩን ከመሬቱ እያስወጣ ነው። ሁምቦ ላይ ደግሞ ወላይታዎቹ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ሲያደርጉ ዋናው ሥራቸው መከለልና መሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ እየገረዙ ማሳደግ ነበር። ሥሩ አለ ወይ ብላችሁ ሳታዩ ጉድጓድ አታስቆፍሩ።

አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን

የሠለጠነው ሰው ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከየጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው ያዙ።

የሚያውቀውን ሰው አለመጠየቅ

ስብሰባ ላይ የሚመጡት የቀበሌው ሊቀመንበርና እሱ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ቦረና ላይ የጥንቱን ጥልቅ ጉድጓድ ተራ የሚያስይዘውን አባ ሄሪጋ ሳታናግሩ የውሃ ዕቅድ አትጻፉ። የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚቀንስ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚያጠጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ሴቶቹን ደግሞ ውሃ መቅጃው ድረስ ሄዳችሁ አናግሯቸው። የስብሰባው ሰዓት እነሱ ውሃ የሚቀዱበት ሰዓት ነው።

የአደጋውን ቀን አለመለማመድ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመሬት ናዳ ሰው ቀበረ። ጎረቤት ለማዳን ሮጦ ሄደ፤ ሁለተኛው ናዳ አዳኞቹን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤት ሲቀበር አካፋ ይዞ የማይሮጥ የለም፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ይህን መቀየር የሚቻለው ከአደጋው በፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ ተራራማ ወረዳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክረምት ሳይገባ የልማት ሠራተኞቹን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹንና የዕድር ዳኞቹን ይዛችሁ ተዳፋቱን በእግር ሂዱ። ከቤቶቹ በላይ አዲስ ስንጥቅ አለ ወይ? ያልነበረበት ቦታ ምንጭ ፈልቋል? ንጹሕ የነበረው ምንጭ ደፈረሰ? ዛፉ፣ አጥሩ፣ የመብራት ምሰሶው ዘመመ? እነዚህን ያየ ሰው ለማን እንደሚደውል፣ ቤተሰቦቹ ያን ሌሊት የት እንደሚያድሩ፣ ውጡ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ተስማሙ። ናዳ ከወረደ በኋላም አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተዳፋቱን እየጠበቀ፣ ሌሎቹ በጥቂቱ እየገቡ እንዲቆፍሩ፣ ጠባቂው ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም እንዲወጣ አለማምዷቸው። ፊሽካውንም ገዝታችሁ ስጧቸው።