አዲስ ኮምፒውተርን በአንድ ስክሪፕት ለፕሮግራም ሥራ ማዘጋጀት

ላፕቶፔን ለጥገና ሰጥቼ ሲመለስልኝ ስክሪኑ ተስተካክሎ፣ ዲስኩ ግን ባዶ ሆኖ ነበር። ኮዴ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ስለተቀመጠ አልጠፋም። የጠፋው በሦስት ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያበጀሁት ሌላው ሁሉ ነው። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ስጭን ሁለት ቀን አለቀ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀምሬ የመጀመሪያውን ለውጥ ልመዘግብ ስል፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት «እባክህ ማን እንደሆንክ ንገረኝ» አለኝ። ከሦስት ዓመት ትውውቅ በኋላ!

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራልኝ ስክሪፕት ነው፤ ማለትም በእጅ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል። የማሳየው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርዓት ይዤ ነው። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁና ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናል፣ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

ደረጃ 1፦ ያለዎትን ይቁጠሩ

አሁን የሚሠሩበት ማሽን ጤነኛ ሳለ ይጀምሩ። «አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» የሚለው ትእዛዝ በእርስዎ ፈቃድ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ ከኡቡንቱ ጋር አብረው የመጡ ብዙ ስሞችም ይቀላቀሉበታል። ለእኔ ከመቶ በላይ ወጥቶልኝ በእርግጥ የምጠቀምባቸው 23 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ለምን እንደጫኑት የማያስታውሱትን ያለ ርኅራኄ ይሰርዙ፤ ካስፈለገ ያን ጊዜ ይጫናል። ቪኤስ ኮድ የተባለውን የኮድ መጻፊያ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «ኮድ» ብለው ከሁለት ሰረዝ በኋላ «ሊስት-ኤክስቴንሽንስ» ሲጽፉ የኤክስቴንሽኖቹን (የተጨማሪ መሣሪያዎቹን) ዝርዝር ያገኛሉ።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «አይባስ-ኤም17ኤን» የተባለውን የመጻፊያ ፓኬጅና «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የተባለውን የፊደል ፓኬጅ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባ። እኔ ረስቻቸው የመጀመሪያውን ኢሜይል በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ደረጃ 2፦ የተደበቁትን ፋይሎች ይሰብስቡ

ፕሮግራሞች የእርስዎን ምርጫ የሚያስቀምጡት ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ፋይሎች ውስጥ ነው፤ «ነጥብ ባሽአርሲ» እና «ነጥብ ጊትኮንፊግ» ዋነኞቹ ናቸው። የሚደበቁበት ምክንያት ያስቃል። የሊኑክስ አርአያ ከሆነው ከዩኒክስ ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እንደተረከው፣ ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» የሚባለው ትእዛዝ እንዲዘላቸው የተፈለገው «ነጥብ» እና «ነጥብ ነጥብ» የተባሉትን፣ ያሉበትን ፎልደርና የበላዩን የሚያመለክቱትን ሁለት ስሞች ብቻ ነበር። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ተመልክቶ አለፈ፤ በዚያው በነጥብ የሚጀምር ሁሉ ተደበቀ። ስንፍናው ልማድ ሆኖ ቀረ።

እነዚህን ፋይሎች ወደ አንድ ፎልደር አዛውረው በጊት ያስቀምጡ። በቀድሞ ቦታቸው ላይ «ኤልኤን» በሚባለው ትእዛዝ ሊንክ፣ ማለትም ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ጠቋሚ፣ ይተኩላቸው። ፋይሉ አንድ ቦታ ይኖራል፣ ፕሮግራሙ ግን የለመደው ቦታ ላይ ያገኘዋል።

ደረጃ 3፦ ስክሪፕቱን ይጻፉ

የመጀመሪያው መስመር ፋይሉን ትእዛዞችን የሚፈጽመው ባሽ የተባለ ፕሮግራም እንዲያነበው ያዛል። ሁለተኛው መስመር «ሴት» ሆኖ ከሰረዝ በኋላ «ኢ» እና «ዩ» ይከተሉታል። «ኢ» አንድ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱ እዚያው እንዲቆም ያደርጋል፤ «ዩ» ደግሞ ዋጋ ያልተሰጠው ስም ሲያገኝ ያቆማል። ያለ እነርሱ ስክሪፕቱ ስህተቱን ረግጦ ያልፍና መጨረሻ ላይ ሁሉም የተሳካ ይመስላል።

ለመጫን «አፕት» ሳይሆን «አፕት-ጌት» ይጠቀሙ። «አፕት» ራሱ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ጠባዩ ሊለወጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ኢንተርኔት ለሚቆጥብ ሰው «አፕት-ጌት» ሌላም ጥቅም አለው፦ «አፕት» ያወረደውን ፓኬጅ ከጫነ በኋላ ያጠፋል፣ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀራል፤ ስለዚህ ፋይሎቹን ቀድተው ሌላ ማሽን ላይ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይችላሉ። ለጥያቄው ሁሉ «አዎ» የሚለውን «ሰረዝ ዋይ» ማስገባትንም አይርሱ። ያለዚያ ቡናዎን ጠጥተው ሲመለሱ ማሽኑ «ልቀጥል?» ብሎ እንደቆመ ያገኙታል።

ከሁሉም የሚከብደው ስክሪፕቱ ደጋግሞ ሲሠራ ጉዳት እንዳያደርስ ማድረግ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ስክሪፕት አንድ መስመር ወደ «ባሽአርሲ» ይጨምር ነበር። አምስት ጊዜ ሳሠራው ያው መስመር አምስት ጊዜ ተደርድሮ አገኘሁት። አሁን «ግሬፕ» በተባለው ትእዛዝ መስመሩ መኖሩን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ። ፎልደር የሚፈጥረው «ኤምኬዲር» ፎልደሩ ካለ በስህተት ይቆማል፣ «ፒ» ሲጨመርለት ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ሊንክ ሲሠሩም «ኤስ»፣ «ኤፍ» እና «ኤን» አብረው ይግቡ። «ኤፍ» ቀድሞ የነበረውን ፋይል ሳይጠይቅ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ቅጂ የሚያስቀር መስመር ይጻፉ፤ አዲስ ኡቡንቱም የራሱ «ባሽአርሲ» አለውና ይህ ትእዛዝ ይነካዋል።

ደረጃ 4፦ ምሥጢሩን ከስክሪፕቱ ያርቁ

የይለፍ ቃልና የኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን ጋር በምሥጢር መገናኛ) የግል ቁልፍ ጊት ውስጥ አይገቡም። በኋላ ቢሰርዟቸው እንኳን ታሪኩ ውስጥ ይቀራሉ። ለአዲስ ማሽን አዲስ ቁልፍ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው፦ «ኤስኤስኤች-ኪይጄን»።

ደረጃ 5፦ ባዶ ማሽን ላይ ይሞክሩት

በራስዎ ማሽን ላይ መሥራቱ ማስረጃ አይደለም፤ የጎደለው ሁሉ እዚያ አለና። ኮምፒውተርዎ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ንጹሕ ኡቡንቱ ጭነው ስናፕሾት (ሊመለሱበት የሚችሉት የሁኔታው ቅጂ) ያንሱ፣ ስክሪፕቱን ያሠሩ፣ ሲከሽፍ ወደ ስናፕሾቱ ተመልሰው ይድገሙ። ሲሳካ ደግሞ ሳይመለሱ ሁለተኛ ያሠሩት። ኮንቴይነር የሚባሉ ቀላል የተነጠሉ አካባቢዎችን የሚፈጥረው ዶከር ይፈጥናል፣ ነገር ግን የኡቡንቱ ኮንቴይነር ውስጥ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው «ሱዶ» ስለሌለ ስክሪፕቱ «ሱዶ» ባለበት የመጀመሪያ መስመር ላይ ሊወድቅ ይችላል። እኔ ግማሽ ሰዓት ስህተቱን ራሴ ላይ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

አንድ እንቅፋት ይቀራል። ስክሪፕቱ ያለው ጊትሃብ ላይ ነው፣ አዲሱ ማሽን ላይ ደግሞ ጊት የለም። ስለዚህ ጊትን የሚጭነውና ስክሪፕቱን የሚያወርደው፣ ሁለት ትእዛዞች፣ በእጅ ይጻፋሉ። ምሥጢር ስለሌለበት ሪፖዚተሪው (ስክሪፕቱ ጊትሃብ ላይ ያለበት ማስቀመጫ) ለሁሉም ክፍት ቢሆን ያለ ቁልፍ ይወርዳል። እኔ ሁለቱን መስመሮች በወረቀት ጽፌ የላፕቶፕ ቦርሳዬ ውስጠኛ ኪስ ላይ በፕላስተር ለጥፌአለሁ።