ፓራውልቱ ተጠግኖ ለምን ዳግም ይሰነጠቃል?

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ፓራውልቱን (የፊት ወይም የኋላ መከላከያውን) ማስጠገኑ አይቀርም። ባጃጁ ብዙ ነው፣ የገበያው መንገድ ጠባብ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ጉዳት ቤት ውስጥ ይጠገናል። የፓራውልት አፈታት፣ ከዚያም በፊት የባትሪ ገመድ መንቀል ታውቃላችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ ልግባ።

ጎድጉዷል፣ ግን አልተሰነጠቀም

ፕላስቲኩ ተገፍቶ ቅርጹን ስቷል እንጂ አልተሰበረም። የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ከውስጥ ግፉት። ሲመለስ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት። ላይተርም ሆነ የከሰል ምድጃ አታስጠጉት፤ ውስጡ ሳይለሰልስ ፊቱ ይቃጠላል።

ጥጉ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ) ተላቋል፣ ስንጥቁም በተጠገነ ቁጥር ይመለሳል

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ሰዉ ስንጥቁን ያሳየኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጎማው ጋ ያለውን ጥግ ነው። ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ወይ የጎን መያዣው ተሰብሯል፣ ወይ ብሎን የሚገባበት ጆሮ ተቆርጧል። የሚይዘው ያጣ ጥግ የደንገጎን ዳገት በወጣችሁና በወረዳችሁ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ስንጥቁን የሚያረዝመው ይህ ንቅናቄ ነው። መያዣው እስካልተስተካከለ ድረስ ፊቱን ምንም ያህል ብታሳምሩት ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብሎን መብሳት ነው። ጥጉ ሲላቀቅ ፓራውልቱንና ፓራፋንጎውን አንድ ላይ በስተው በብሎን ጥርቅም ያደርጉታል። ይህን ሳይ በጣም እናደዳለሁ። ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል። በድሬ ፀሐይ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አንድ ሙሉ ፓራውልት ጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማል። መላወሻ ካጣ ይቆለመማል፣ ከዚያም ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ ደንበኛ «አቦ፣ ባለፈው ነው እኮ የተሠራው!» እያለ መጣ። ስቱኮው ጥሩ ነበር፣ ቀለሙም ገጥሟል። ብሎኑን ስፈታው ግን ስንጥቁ በሦስት አቅጣጫ ከቀዳዳው ወጥቷል። ከሐረር የወረደ ሌላ መኪና ደግሞ ጥጉ በሽቦ ታስሮ ነበር። ሽቦው ጆሮውን ቆርጦ ጨርሶት፣ የፓራፋንጎውን ቀለም ፍቆ ብረቱን አዝጎታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎን መያዣውን ቀይሩ። ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ከተገኘ ከርካሹ አዲስ ኮፒ ይሻላል። የኮፒው ጥርስ ስስ ነው፤ ገና ሲገጠም እጅ ላይ ይሰበራል።

ቀጥሎ የፕላስቲኩን ዓይነት እወቁ። ከውስጥ በኩል በፊደል ተጽፏል። ፒፒ (PP) ወይም ቲፒኦ (TPO) ከሆነ በሙቀት ይበየዳል። ፒዩአር (PUR) የሚል ከሆነ ግን የብየዳ ካውያ እንዳታስነኩት፤ ጭሱ መርዝ ነው። እሱ የሚፈልገው በሁለት ቱቦ የሚመጣውን ለፕላስቲክ የተሠራ ማጣበቂያ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ከጠርዙ ትንሽ ፍቃችሁ ውሃ ላይ ጣሉት፤ ፒፒ አብዛኛውን ጊዜ ይንሳፈፋል።

ስንጥቁ ላይ ቀልጦ የሚገባው መሙያ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ መሆን አለበት። ጋራዥ የተጣለ ስባሪ ፓራውልት ለምናችሁ በቀጭኑ ሰንጥቁት። ቢጫ ጀሪካን አይሆንም! የጀሪካኑ ፕላስቲክ ሌላ ነው፣ ከፒፒ ጋር አይዋሃድም። በጀሪካን ተበይዶ ያማረ ፓራውልት በጥፍሬ ልጬው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ብየዳው። በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ስንጥቁ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ በ3 ሚሊሜትር ትራፓኖ ብሱ፤ ካልበሳችሁት እየሠራችሁም ይሮጣል። ፊቱን አጋጥማችሁ በፕላስተር ያዙት። ከውስጥ በኩል ስንጥቁን ተከትላችሁ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ቦይ አውጡ። በሬድዮ ጠጋኞች ካውያ ቦዩን ከነመሙያው አቅልጡት። ከላዩ የማይዝግ ሽቦ ወንፊት አስቀምጡና በካውያው እየተጫናችሁ አስምጡት፣ እሱንም በመሙያ ሸፍኑት። ደጅ ላይ ሥሩ። ጭሱ ከበዛና ፕላስቲኩ ከቡነነ ሙቀቱ በዝቷል፤ የተቃጠለው ቦታ አይይዝም። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አታንሱት። ከዚያ ገልብጣችሁ ፊቱ ላይ ጠለቅ ያላለ ቦይ አውጡና ሙሉት።

የተቆረጠውን ጆሮም ከስባሪው ቆርጣችሁ በሁለቱም በኩል በይዱት፣ መጋጠሚያው ላይ ወንፊት አይቅር። የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጋችሁ አስፉት፣ ሰፊ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) አግቡበት፣ ብሎኑንም እስከ መጨረሻ አታጥብቁ። ፓራውልቱ የሚላወስበትን ቦታ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በሱፐር ግሉ ተጣብቆ ወዲያው ይለቃል

ሱፐር ግሉ ፒፒን አይዝም፣ ሲደርቅም ድርቅ ያለ ነው፤ ንቅናቄ አይችልም። ሙጫውን ሙሉ በሙሉ ፍቃችሁ አንሱና ከላይ እንዳልኩት በይዱት። በላዩ ላይ መበየድ ትርፉ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ነው።

ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል

ፕላስቲኩ ላይ በቀጥታ ተቀብቷል። ፒፒ ቀለም አይቀበልም። በ180 ከዚያም በ320 የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ስቱኮ በስሱ ቀቡ፣ ከቀለሙ በፊት ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር አስቀድሙ። የቆርቆሮ ስቱኮ ደረቅ ስለሆነ ይፈረካከሳል። ድሬ ላይ ቀለም የሚነፋው በማለዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቀለሙ ሳይተኛ ይደርቅና ይሻክራል፣ ከሰዓት ደግሞ አቧራው አያስቀምጥም። ሐረር ብርድ ስላለ ሰዓቱ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ማድረቂያውን ግን ረዘም አድርጉ።

የብረት ፓራውልት ታጥፏል

የድሮ መኪኖች ላይ ያለው ነው። ኒኬሉን (የሚያብረቀርቀውን ሽፋን) በመዶሻ አትምቱ፣ ይሰነጠቃል፤ ከጀርባ በኩል እንጨት አስደግፋችሁ አቃኑት።

ፓራውልቱ ተስተካክሎም አልገጥም ይላል

ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለውን አግዳሚ ብረት እዩ። እሱ ከታጠፈ የቤት ሥራ አይደለም። ለባቲላሜራ (ለመኪና አካል ቀጥቃጭ) ስጡት፣ የራዲያተሩንም መያዣ አብሮ እንዲያይ ንገሩት።