ካምፐርቫን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እደሩበት

የመጀመሪያ ካምፐርቫኔን የገዛሁት በመጋረጃው ነው። እውነቴን ነው። ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከትራሶቹ ጨርቅ ጋር የተመሳሰለ። ቁም ሳጥኑ ተወልውሎ ያበራል። ሻጩ በሩን ከፍቶ የጣሪያውን ትንንሽ አምፖሎች ሲያበራቸው ቀልቤን ወሰደው። ዋጋ እንኳን በወጉ አልተከራከርኩም። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ግንባሬ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ነቃሁ።

ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ካምፐርቫን ስንል ዕቃ ወይም ሰው እንዲጭን የተሠራ ቫን፣ በኋላ ውስጡ ተቀይሮ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንከር የገባለት ማለታችን ነው። ነገሩ የትናንት ፋሽን አይደለም። ዌስትፋሊያ የሚባለው የጀርመን ድርጅት የፎልክስዋገን ቫኖችን ማደሪያ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ አንዳንዱ ቫን በሙያተኛ ይሠራል፤ አንዳንዱን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በእረፍት ቀኑ ኮምፐንሳቶ እየቆረጠ ይሠራዋል። ሁለቱም ጋ ጥሩም መጥፎም አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ካገኘኋቸው ባለቤቶች ሁሉ የምሰማው ቅሬታ ያው ነው፦ ውሃ፣ ክብደት፣ ባትሪ። ስለ መጋረጃ ያማረረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ሻጩ ከሚያሳያችሁ ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው።

አንደኛ፦ ተከራዩና እደሩበት

ለመግዛት ካሰባችሁት ጋር የሚመሳሰል ቫን ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ተከራዩ። ዝናብ ከዘነበ እንደ ዕድል ቁጠሩት። ፀሐይ ሲሆን ማንኛውም ቫን ደስ ይላል፤ ኑሮው ውጭ ነዋ። በዝናብ ቀን ግን ሁለት ሰው፣ ሁለት እርጥብ ጃኬትና አራት ጭቃ የነካው ጫማ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ጫማው የት ይቀመጣል? ሌሊት ሽንት የመጣበት ሰው ሌላውን ሳይረግጥ መውጣት ይችላል? አንዱ ሻይ ሲያፈላ ሌላው የት ይቆማል? መልሱን የሚነግራችሁ ማስታወቂያ አይደለም፣ ወገባችሁ ነው።

አልጋውን በሜትር አትለኩት፣ ተኙበት። ፊያት ዱካቶ ውስጡ ሰፋ ስለሚል ብዙ ሰው በአግድም ይተኛበታል። መርሴዲስ ስፕሪንተር ጠበብ ይላል፤ ረጅም ሰው በአግድም ከተኛ ጉልበቱን ሳያጥፍ አያድርም። ቀን ቀን ሶፋ፣ ማታ ማታ አልጋ የሚሆነውስ? ለቅዳሜና እሁድ ግሩም ነው። አሥራ አንደኛው ማታ ላይ ግን ያንን ስፖንጅ እንደገና መገጣጠም ሲመጣ ያስመርራል። በየጉዞው ከሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ የማይታጠፍ አልጋ ያለውን ምረጡ ባይ ነኝ።

ጣሪያም ሁለት ዓይነት ነው። ወደ ላይ የሚነሳው ሲዘጋ ቁመቱ ሁለት ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ብዙ የምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ይገባል። ግን ግድግዳው ሸራ ነው፤ ይበርዳል፣ ንፋስ ሲነሳም ሲርገበገብ ያድራል። ባለ ከፍታ ቋሚ ጣሪያው ሙቀት ይይዛል፣ ቀጥ ብሎም ያስቆማል፤ ፓርኪንጉን ግን እርሱት።

ሁለተኛ፦ ቤቱን ሳይሆን መኪናውን መርምሩ

የቁም ሳጥን በር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀየራል። የበሰበሰ ላሜራና የደከመ ሞተር ግን ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚሰማው ድምፅና የሚወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል። ታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ይታይ። «በቅርቡ ነው» የሚለው መልስ አይደለም። ዝገት ደግሞ ከስር፣ በጎማዎቹ ዙሪያና መስኮት ለማስገባት ላሜራው በተቆረጠበት ጠርዝ ይፈለግ። ቆራጩ ጠርዙን ፀረ ዝገት ሳይቀባ ከገጠመው ከዚያ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው የጎማ ዕድሜ ነው። ካምፐርቫን ከሚሄድበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል፤ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጡትን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አትመኑት።

መቀመጫም ቁጠሩ። «አራት ሰው ያሳድራል» ማለት አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም። ቀበቶ ያላቸው፣ ወደ ፊት የሚያዩና ከመኪናው አካል ጋር በደንብ የታሰሩ መቀመጫዎች ስንት ናቸው? ልጆች ካሏችሁ ጥያቄው እዚሁ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛ፦ የገባ ውሃ ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቫኑ ሌሊቱን ተዘግቶ ካደረ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምትገቡት እናንተ ሁኑ። በአፍንጫችሁ። የሻጋታ ሽታ በሽቶ አይሸፈንም፤ እንዲያውም ከባድ የሽቶ ሽታ ካለ ልትጠራጠሩ ይገባል። ከዚያ ጣሪያውን በጣታችሁ ተጫኑ፤ በተለይ ማዕዘኖቹን፣ የአየር ማውጫውን ዙሪያና የመስኮቶቹን ስር። ጣት ካሰመጠ ኮምፐንሳቶው ጠጥቷል። ቡናማ ቀለበት የመሰለ እድፍ ካያችሁ ውሃ መጥቶ ደርቆ፣ ዳግም መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ጣሪያ ላይ የተከፈተ እያንዳንዱ ቀዳዳ፣ የአየር ማውጫም ይሁን የሶላር ፓነል ሽቦ ማስገቢያ፣ አንድ ቀን ሊያፈስ የሚችል ቦታ ነው። መሰላል ለምኑና ውጡ። ሲሊኮን በላይ በላይ እንደ ቅቤ ተለቅልቆ ካያችሁ፣ አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ፍሳሽ ሲያሳድድ እንደነበር ገባችሁ ማለት ነው። የኔም እንዲሁ ነበር። እኔ ግን መሰላል አልለመንኩም።

ውሃ ደግሞ በገባበት አይወጣም። ከኋላ ገብቶ በላሜራው ስር ሄዶ ፊት ለፊት ይንጠባጠባል። ከቻላችሁ የውሃ ጎማ አምጥታችሁ ጣሪያውን ለአሥር ደቂቃ አጠጡት፤ አንዳችሁ ውስጥ ሆናችሁ ቁም ሳጥኖቹን ከፍታችሁ በእጅ ባትሪ እዩ። ሻጩ «ይኼማ አይቻልም» ካለ ሌላ ቫን አለ።

አራተኛ፦ ሚዛን ላይ አውጡት

በአውሮፓ በተለመደው የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው በአብዛኛው ከነጭነቱ እስከ 3,500 ኪሎ ነው፤ ብዙ ካምፐርቫንም የሚመዘገበው በዚሁ ልክ ነው። ችግሩ፣ ጣውላው፣ ባትሪው፣ ታንከሩና ፍራሹ ከገቡ በኋላ ለናንተ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ነው።

እንበልና ባዶው ቫን 3,050 ኪሎ መዘነ። 450 ኪሎ ቀረ። ሁለት ሰው 150 ይወስዳል። 100 ሊትር ውሃ ማለት 100 ኪሎ ነው። 200 ተረፈ። ሁለት ብስክሌት ከነመስቀያው፣ ተንጠልጣይ ድንኳን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ልብስ፣ ምግብ፣ የማብሰያ ዕቃ… ሳታውቁት አልፋችኋል። ከልክ በላይ የተጫነ ቫን ፍሬኑ ይዘገያል፣ አደጋ ሲደርስም ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ባዶ ክብደት አንዳንዴ ቫኑ ከመለወጡ በፊት የነበረው ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመኪና ሚዛን ላይ አውጡት። የኋላውን አክስል ለብቻው መመዘንም አትርሱ። ከባዱ ዕቃ ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው።

አምስተኛ፦ «ሳንቀሳቅሰው ስንት ቀን ያቆየናል?»

ስለ ኤሌክትሪኩ ሻጩን የምትጠይቁት ይኼን ነው። ስንት አምፒር ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት።

ስሌቱ ቀላል ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሚል ተራ የእርሳስ ባትሪ፣ ኤጂኤም የሚሉትን የታሸገ ዓይነት ጨምሮ፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 50 ነው። ባለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣ በሞቃት ቀን ከ30 እስከ 50 አምፒር ሰዓት ሊበላ ይችላል። መብራት፣ የውሃ ፓምፕና የስልክ ቻርጅ ጨምሩበት። አንድ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል። የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል፣ ክብደቱም በጣም ያንሳል፤ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። በብርድ አገር የምትነዱ ከሆነ ከብርድ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ እንዳለው ጠይቁ። አዳዲስ ቫኖች ላይ ደግሞ አልተርኔተሩ፣ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ኃይሉን ስለሚቀንስ፣ በእሱና በማደሪያው ባትሪ መሐል ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚባለው ቻርጀር ከሌለ ቀኑን ሙሉ ነድታችሁም የማደሪያው ባትሪ ላይሞላ ይችላል።

ሽቦዎቹን እዩ። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለ? ሽቦው ታስሮና ምልክት ተደርጎበት ነው ወይስ እንደ ወፍ ጎጆ? የተዝረከረከ ከሆነ የማይታየውም እንደዚያው ነው።

ጋዝ ላይ ቀልድ የለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከመኝታው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ሳጥኑ ከስሩ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሽታ የሌለውና የሚገድለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ከሌለ በገዛችሁበት ቀን ግጠሙ። በምድጃው ቫኑን ለማሞቅ አትሞክሩ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ሌላም ትንሽ ነገር፦ ሲሊንደር ውስጥ ከሚገቡት ጋዞች ቢውቴን የሚባለው ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከሲሊንደሩ አልወጣም ይላል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ጠዋት ምድጃችሁ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ምን እንደያዘ አንብቡ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱ

አጭር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከምዝገባው ጋር ይመሳከር። ቫኑ በምን ዓይነት (የጭነት ነው የማደሪያ) እንደተመዘገበ፣ የጋዝና የኤሌክትሪኩ ሥራ የተመረመረበት ወረቀት እንዳለ እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት ኢንሹራንስ ጋ ደውሉ፤ በግለሰብ የተለወጠ ቫን ሁሉም አይቀበሉም።

ሰባተኛ፦ አሁን ኑሩበት

ገዛችሁ። የመጀመሪያውን ወር ምንም አትቀይሩ። መደርደሪያ የመጨመር፣ ቀለም የመቀባት አምሮት ይመጣል፤ ታገሱ። የት ጋ ጭንቅላታችሁን እንደምትገጩ ሳታውቁ የሠራችሁት መደርደሪያ መልሶ መነቀሉ አይቀርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በብርድ ወቅት መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ የመስኮት ላብ ነው። ሁለት ሰው ሲተኛ ከትንፋሽና ከላብ የሚወጣው እርጥበት ከግማሽ ሊትር ሊበልጥ ይችላል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ መስታወትና ላሜራ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው «በረደ» ብሎ ሁሉንም ይዘጋና ጠዋት ፍራሹ ስር ውሃ ያገኛል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ የጣሪያውን አየር ማውጫና አንድ መስኮት ጥቂት ከፍታችሁ ተኙ፣ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ከፍራሹ ስር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ይኑር። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ካላችሁ ደረቅ ሙቀት ስለሚሰጥ ያግዛል። እሱንም ሁልጊዜ በዝቅተኛው ብቻ አታሠሩት፤ ጥላሸት ይይዛል። አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋችሁ ለጥቂት ጊዜ አንድዱት።

ድምፅም አለ። ጉዞ ስትጀምሩ ማንኪያው፣ ድስቱ፣ የሳህኑ መደርደሪያ ይንጫጫል። ፎጣ በየመሐሉ መጎዝጎዝ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ሽንት ቤትን በተመለከተ ሰዎች «አያስፈልገንም» ይላሉ፤ አንድ ሌሊት በዝናብ መሐል ከወጡ በኋላ ይገዛሉ።

ከሰው ጋር መኖሩስ? አንድ ወዳጄ ከባለቤቱ ጋር ያወጡት ሕግ አለ፦ አንዱ ከተነሳ ሌላው ይቀመጣል። ስቄበት ነበር። አሁን እኛም ቤት ይሠራል። ዕቃ ሁሉ ቋሚ ቦታ ይኑረው፤ የእጅ ባትሪውን ፍለጋ በጨለማ ቫን መበርበር ሰላማዊ ሰውን ያጣላል።

በመጨረሻ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የምታነቡት አጭር ዝርዝር መሪው አጠገብ ለጥፉ። የኔ እንዲህ ይላል፦ ጣሪያ ተዘግቷል፣ ጋዝ ተዘግቷል፣ የውጭ ኤሌክትሪክ ተነቅሏል፣ መሳቢያ ተቆልፏል፣ ደረጃ ገብቷል። ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ጎማ ስር የገባው ማስተካከያ ተነስቷል» የሚል አለ። እሱን የጻፍኩት ቫኑ ተስተካክሎ እንዲቆም ጎማ ስር የሚገባውን ሽብልቅ፣ ያውም ሁለተኛውን ጥንድ፣ ካደርኩበት ጥዬ ከሄድኩ በኋላ ነው።