የቤት ዕቃ ሲያረጅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቤት ዕቃ ሲበላሽ አንዳንዱ ሰው ትንሽ ክፍሉ ብቻ የተጎዳውን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ ያለቀለትን ዕቃ ደጋግሞ እያስጠገነ ገንዘብ ያፈስበታል። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ የተጎዳው ሊቀየር የሚችል ክፍል ነው ወይስ ዕቃው የተሠራበት ነገር ራሱ ነው የሚለው ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሞቃል እንጂ አይግልም

እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የሚደርቅ ከሆነ ጥፋቱ ከምጣዱ ላይሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 220 ቮልት መሆን ሲገባው ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ ከሙቀቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ይህም ሠፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት የሚያጋጥም ነው። ሌሊት ወይም ማለዳ ላይ በደንብ የሚግል ከሆነ ምጣዱ ጤነኛ ስለሆነ፣ ጠጋኝ ከመጥራት ይልቅ የመጋገሪያ ሰዓት መቀየር ይበቃል።

ጨርሶ ካልሞቀ በመጀመሪያ ስፒናውን ይመልከቱ። 3500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ለተራ ማከፋፈያ ከባድ ነው፤ ግንኙነቱ የላላ ከሆነም ስፒናው ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። እንዲህ ሲሆን ስፒናውንና ሶኬቱን አብረው ያስቀይሩ፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ አሮጌው አዲሱን ያቃጥለዋል።

ስፒናው ደህና ከሆነ ከሸክላው ሥር የተቀበረው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቁራጭ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ያገናኛቸዋል፣ ምጣዱም ከበፊቱ በላይ ይግልና ባለቤቲቱ ተደስታ ትከፍላለች። ነገር ግን የበለጠ የጋለው ሽቦው ስላጠረ ነው፤ ያጠረ ሽቦ ብዙ ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ከአቅሙ በላይ ይግላል፣ ተመልሶም ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ሙሉ አዲስ ሽቦ ያስገቡ። ሸክላው ተሰንጥቆ ስንጥቁ ሽቦው ድረስ ከዘለቀ ግን ሊጥና ውሃ ገብቶ ሊነዝር ስለሚችል ሸክላው መጣል አለበት፤ አክንባሎው፣ እግሩና ገመዱ ይተርፋሉ። የጋለ ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሸክላን ይሰነጥቃል።

ፍሪጁ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል

ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይመጣጠን እንዲነሳ ስለተገደደ ነው። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስም ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት፣ ወይም ኃይል ለመልቀቅ የሚዘገይ ስታብላይዘር ይግዙ። ፍሪጁ ሳያርፍ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በበሩ ላይ የብር ኖት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይያዝ ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል ማለት ነው፤ ጎማው ደግሞ ይታጠባል፣ ይቀየራልም።

ሶፋው ይላጣል፣ ፍራሹ ይጎደጉዳል

እነዚህ በጥገና የሚድኑ አይደሉም። ሌዘር ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ሶፋ በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ሲሆን፣ እርጥበት፣ ላብና የፀጉር ቅባት ሽፋኑን ከጨርቁ ያላቅቁታል፤ በማስቲሽ መለጠፍም ከንቱ ድካም ነው። እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ ሶፋውን በጨርቅ ያስለብሱት። ስፖንጅ ፍራሽ ግን ሲጫኑት ተመልሶ ካልተነሳና ፍርፋሪው ከወረደ አገልግሎቱን ጨርሷል።

ጋቢ ሲሳሳ ደግሞ ጥፋቱን ከሸማኔው በፊት በበረኪናው ላይ መፈለግ ይሻላል፤ ነጭ እንዲሆን በተደጋገመ ቁጥር የጥጡን ክር ይበላዋል።

ጓዳው ሞልቶ የሚያገለግል ዕቃ ይጠፋል

ምክንያቱ «አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚለው ሐሳብ ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ በዓላቱ ሁሉ አልፈው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነሳ ዕቃ ለዚያ ቤት አያስፈልግም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ለድግስ ተብለው የሚቀመጡ ትልልቅ ድስቶችም ቢሆኑ፣ ዕድሩ ድስት፣ ወንበርና ድንኳን ካለው፣ ጓዳ ማጣበብ አይገባቸውም። የእናት ሞሶብ ለብቻው ይታያል፤ እሱን ማስቀመጥ ነውር የለውም፣ ችግሩ በእሱ ስም ክዳን አልባው ፔርሙስ ሁሉ አብሮ መቀመጡ ነው።

ብረታ ብረቱንና ጠርሙሱን ለቆራሌው ይስጡ፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም ዕቃ ይሆናል። ልብስ ደህና ከሆነ ለሚለብሰው ሰው፣ ካልሆነም ለልዋጭ ይሂድ። የተቃጠለ ፍሪጅ ግን ከመውጣቱ በፊት በሩ ይነቀል፤ ሕፃናት ገብተውበት ሊዘጋባቸው ይችላልና። የጋዝ ቱቦውንም ማንም በመዶሻ እንዳይበሳው ይጠንቀቁ።