ወደ ፉል ፍሬም ካሜራ ሲያድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካኖን 700ዲ ወይም 80ዲ ሰርግና ልደት ማንሳት የጀመረ ባለሙያ ደንበኛው እየበዛ ሲሄድ «አሁንስ ፉል ፍሬም ልግዛ» ማለቱ አይቀርም። ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ትልቅ የሆነ ካሜራ ነው፤ እነ 700ዲና 80ዲ ደግሞ ሴንሰራቸው ያነሰ ክሮፕ ካሜራዎች ናቸው። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከብዷል፤ ተሳስቶ የገዛ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ገንዘብ በቶሎ አያገኝም። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በተለይ ክሮፕ ካሜራ ይዘው በሰርግና በዝግጅት ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ሌንስና ወደ ብርሃን፣ በመጨረሻ ወደ ቦዲ (ያለ ሌንስ ወዳለው የካሜራው አካል) መሄድ አለበት።

ምን እንደጎደለዎት ሳይለዩ መግዛት

ዋጋ መጠየቅ ከመጀመርዎ በፊት በቅርቡ የሠሯቸውን ሰርጎች ከፍተው የጣሏቸውን ፎቶዎች ብቻ ይመልከቱ። ለምን ጣሏቸው? ሙሽራዋ ስትራመድ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ዘግይቶ ነው? ፎከሱ ዓይኗን ስቶ ጆሮዋ ላይ አርፎ ነው? ወይስ በእርግጥ ኖይዝ (ምስሉን የሚያጎድፈው ነጠብጣብ) በዝቶበት ነው? እያንዳንዱ ፋይል የተነሳበትን አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት)፣ የሻተር ፍጥነትና አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ይዞ ስለሚቀመጥ መልሱ እዚያው አለ።

የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ደግሞ 22.3 በ14.9 አካባቢ ነው። ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ ሲሰላ ትልቁ ከትንሹ 2.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአንድ ዘመን የተሠሩ ሁለት ካሜራዎች ቢወዳደሩ ክሮፑ ላይ በአይኤስኦ 3200 የሚታየውን ኖይዝ ፉል ፍሬሙ ላይ የሚያዩት ወደ 8000 ሲጠጉ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ሲያስጠጉበት ወደ ኤፍ 5.6 ይወርዳል (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። በምትኩ ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጥሙ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባልዎታል። ፍላሽ በማይፈቀድበት ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ሲያነሱ ሥራዎን የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ርካሽ ሌንስ ነው።

ችግሩ የቀትር ፀሐይ ከሆነም እንዲሁ ነው። የሐበሻ ቀሚሱ ነጥቶ ጥልፉ ጠፍቶ፣ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ከቀረ አዲስ ቦዲ ብቻውን አያስተካክለውም። ለነጩ ልብስ ብርሃኑን ለክቶ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) አንስቶ፣ ፊቱን በፍላሽ ወይም በሪፍሌክተር መሙላት ያስፈልጋል። ይህ ዛሬ በያዙት ካሜራም ይሠራል።

ያሏቸው ሌንሶች ይሠራሉ ብሎ መገመት

ብዙ ብር የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው፤ ሰውም የሚነቃው ካሜራው እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ካኖን ለክሮፕ ብቻ የሠራቸው ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች፣ እነ 18-55፣ 18-135 እና 17-55 ማለት ነው፣ በካኖን ፉል ፍሬሞቹ በ6ዲም ሆነ በ5ዲ ላይ አይገጥሙም። የኋላ ክፍላቸው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ የካሜራውን መስታወት እንዳይመታ ተብሎ ከመነሻው እንዳይገጥሙ ተደርገዋል። መስታወት በሌላቸው በሚረርለሶቹ በነኢኦኤስ አር ላይ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይገጥማሉ፤ ግን ካሜራው የሚጠቀመው የሴንሰሩን መሃል ብቻ ነው። 20 ሜጋፒክስል የሆነው አር6 ወደ 8 ገደማ ይወርዳል። የሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ባለቤትም የክሮፕ ሌንስ ሲገጥም ከ24 ወደ 10 ይወርድበታል፤ በኒኮን ዲ750 ላይ የዲኤክስ (የኒኮን ክሮፕ) ሌንስ የገጠመም እንዲሁ። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ትንሽ ሴንሰር መጠቀም ማለት ነው።

በእኛ አገር ቪዲዮ ቀራጮች ዘንድ የተወደደው ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8 ደግሞ የበለጠ ያታልላል። በ5ዲ ላይ ያለ ችግር ይገጥማል፤ ፎቶው ግን ጥግ ጥጉ ጠቁሮ ይወጣል። የተሠራው ለክሮፕ ነውና።

እንግዲህ ያሏችሁን ሌንሶች አንድ በአንድ ጻፉና ለዩ። ካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8፣ 85 ኤፍ 1.8፣ 24-105 ኤፍ 4 እና 70-200 ካሏችሁ እነዚህ በፉል ፍሬም ላይ ሙሉ በሙሉ ይሠራሉ፤ በአዳፕተርም ወደ ሚረርለስ ይከተሏችኋል። የተገላቢጦሹ አይሆንም፦ ለሚረርለስ የተሠራውን አዲሱን አርኤፍ ሌንስ ገዝቶ በአሮጌው 5ዲ ላይ መጠቀም አይቻልም። ሌንስዎ ሁሉ የክሮፕ ከሆነ የሚገዙት ቦዲ ሳይሆን ቦዲና ቢያንስ አንድ ዙም ሌንስ ነው፤ በጀቱም በዚያ ይታሰብ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ዘንድሮ የፉል ፍሬም ሌንሱን ገዝቶ በያዙት ክሮፕ ላይ እየሠሩ ቦዲውን ለከርሞ ማቆየት ይሻላል።

የእይታው ስፋትም እንደሚለወጥ አይርሱ። በካኖን ክሮፕ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚያሳየው እይታ በፉል ፍሬም 80 ሚሊ ሜትር ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። የለመዱትን የፊት ፎቶ በዚያው ርቀት ለማግኘት 85 ያስፈልግዎታል።

አፐርቸሩን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ መሥራት

ባክግራውንዱ ሲደበዝዝ ያምራል፤ ብዙ ሰው ፉል ፍሬም የሚመኘውም ለዚሁ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ግን ጣጣ አለው። አባት እናት ከፊት ተቀምጠው፣ ልጆችና ሚዜዎች ከኋላ በሁለት ረድፍ ሲቆሙ በኤፍ 2.8 ቀረብ ብሎ ማንሳት የኋላውን ረድፍ ያደበዝዛል። በክሮፕ ላይ በኤፍ 2.8 ያገኙትን የፎከስ ጥልቀት ለማግኘት በፉል ፍሬም ወደ ኤፍ 4.5 መዝጋት ይኖርብዎታል። ሲዘጉ አይኤስኦው ይጨምራል፤ በኖይዝ በኩል ያገኙት ትርፍም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ በቡድን ፎቶ ላይ ከፉል ፍሬም ይልቅ የሚያስፈልግዎ ፍላሽ ነው። አንድ ጥሩ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳ መሣሪያ) ከቦዲው በፊት ይግዙ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ካርድ ብቻ በሚይዝ ካሜራ ሰርግ ማንሳት

ቀለበት ሲደረግ ካርዱ ቢበላሽ «እባካችሁ ድገሙልን» አይባልም። 6ዲ እና 6ዲ ማርክ 2፣ ኢኦኤስ አር፣ አርፒ፣ አር8፣ የመጀመሪያው ኒኮን ዜድ6፣ እነዚህ ሁሉ የሚይዙት አንድ ካርድ ነው። 5ዲ ማርክ 3 እና 4፣ አር6፣ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ ኒኮን ዜድ5 እና ዲ750 ሁለት ይይዛሉ፤ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ መቅዳት ይቻላል። ለመንገድ ፎቶና ለጉዞ አንዱ ይበቃል። ለሰርግ ግን ከሜጋፒክስል በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ካርዱም ትክክለኛ መሆን አለበት። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ሐሰተኛ ሜሞሪ ካርድ ገበያው ላይ አለ፤ አዲስ ካርድ ለሥራ ከማውጣትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ሞልተው ፋይሎቹ መከፈታቸውን ያረጋግጡ።

«4ኬ» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ መግዛት

ፎቶና ቪዲዮ አብሮ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ 4ኬ (ከተለመደው ፉል ኤችዲ የጠራ) ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ግን ምስሉን 1.74 እጥፍ ያስጠጋዋል፤ ሰፊ ሌንስዎ ሰፊነቱን ያጣል ማለት ነው። ፋይሉም በሴኮንድ 500 ሜጋቢት ስለሆነ 128 ጊጋባይት ካርድ በ34 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ኢኦኤስ አርና አርፒም በ4ኬ እንዲሁ ይቆርጣሉ። 6ዲ ማርክ 2 ደግሞ 4ኬ ቪዲዮ ጭራሽ አይቀርጽም። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 በሴኮንድ 25 ፍሬም ሙሉውን ስፋት ይጠቀማል። አር6 ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ረጅም ቀረጻ ላይ ግን ይሞቃል። ለቅልቅልና ለመልስ ለሰዓታት የሚቀርጹ ከሆነ ካሜራውን ለአንድ ቀን ተከራይተው ይሞክሩት።

ያገለገለን ካሜራ በመልኩ መመዘን

ከብዙዎቻችን አቅም አንጻር ያገለገለ መግዛት ብልህነት ነው፤ አመራረጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አምራቾች ለሻተር በሚነሱት ፎቶዎች ብዛት የሚገምቱት ዕድሜ አለ፦ ለ6ዲ 100,000፣ ለ5ዲ ማርክ 3 150,000፣ ለሶኒ ኤ7 ማርክ 3 200,000 ያህል። ኒኮን እስካሁን የተነሱትን ፎቶዎች ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። የቀድሞ ካኖኖች ግን በሜኑ አያሳዩም፤ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር መነበብ አለበት። ቪዲዮና ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተር በዚህ አይቆጠሩም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሻጩ ፊት ይህን ያድርጉ፦ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንስተው አቧራና ጭረት ይፈልጉ። ሌንሱን ከድነው ረዘም ባለ ሻተር ያንሱና በጨለማው ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ይዩ። በአዳራሽ ያገለገለ ሚረርለስ ከሆነ የዲጄ ሌዘር ሴንሰሩን አቃጥሎት እንደሆነ ይፈትሹ፤ መስመር ወይም ነጥብ ሆኖ ቪዲዮው ላይ ይታያል። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ፣ የፍላሹን መግጠሚያና እያንዳንዱን ቁልፍ ይሞክሩ። በመጨረሻ አፐርቸሩን ከፍተው ፊት ያንሱና ፎከሱ ዓይን ላይ መውደቁን አስፍተው ይመልከቱ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ካልሰጠዎት ትተው ይሂዱ።

ከውጭ ሲያስመጡ ዝርዝሩን አለመንገር

ዱባይ ወይም አሜሪካ ላለ ዘመድ «ሶኒ ግዛልኝ» ብሎ መላክ አይበቃም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑ በአብዛኛው በጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ዋጋው ቀነስ ያለበት ምክንያትም ይህ ሊሆን ይችላል። ዋስትናው ባብዛኛው የሚሠራው በተገዛበት አገር ወይም አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ በሙያ ጓደኞችዎ እጅ ያለውን ብራንድ መምረጥ ያዋጣል፤ ሌንስ መዋዋስም ሆነ መከራየት የሚቻለው መግጠሚያው አንድ ከሆነ ነው። ካሜራው ከአሜሪካ ከመጣ የቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ መብራት) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ) ይለውጡ፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ካላደረጉ የአዳራሹ መብራት ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

በሜጋፒክስል መማረክ

24 ሜጋፒክስል ፎቶ በጥሩ ጥራት 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል። አብዛኛው የሰርግ አልበም ከዚህ አይበልጥም። 45 ሜጋፒክስል ሃርድ ዲስክና ኮምፒውተርም አብሮ ያስለውጣል።

አሮጌውን ካሜራ ወዲያው መሸጥ

ክሮፑን ሸጠው ለአዲሱ ማሟያ ቢያደርጉት የሚያገኙት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ አዲሱ ሰርግ መሃል ቢቆም ግን ምንም የሚይዙት የለም። ያቆዩት። 70-200 ሌንስ ሲገጥሙበት እስከ 320 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ቄሱን ሳይረብሹ ከሩቅ ለማንሳት ይመቻል። በሁለት ካሜራ መሥራት ሲጀምሩ ሰርጉ ጠዋት ሳይጀመር የሁለቱን ሰዓት እስከ ደቂቃው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጡ የሙሽራው ቤት ፎቶ ከአዳራሹ ጋር ተደባልቆ ለመለየት ግማሽ ቀን ይፈጃል።