የኩሽኔታ ጋሪ እግር ማሳረፊያ እየዞረ ላስቸገራችሁ

ለልጄ የሠራሁት የኩሽኔታ ጋሪ (በጎማ ፈንታ ኩሽኔታ የተገጠመለት የእንጨት ጋሪ) የፊቱን አግዳሚ እንጨት በእግር እየገፉ ነው የሚመራው፣ ችግሩ ቁልቁለት ላይ የእግር ማሳረፊያው ይዞርና የልጁ እግር ይንሸራተታል፣ ሐረር ላይ ደሞ ቁልቁለት የሌለበት ሰፈር የት አለ። መጀመሪያ የመጥረጊያ እንጨት በሚስማር መታሁበት፣ ኮብልስቶኑ አንቀጥቅጦ በሁለተኛው ቀን ነቀለው። ክብ ቱቦ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩ፣ ሲረግጠው ዞረ፣ ባጠብቀውም ያው።

የሰራው ምን መሰላችሁ፣ ክቡን ትቼ 3 በ 3 ሳንቲ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቆረጥኩና የፊቱ አግዳሚ እንጨት ላይ አስተኝቼ ሁለቱንም ባንዴ በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) በሳሁ፣ ከመሃል ቀኝና ግራ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ቡሎን አሰርኩ (አንድ ብቻ ከሆነ በሱ ዙሪያ ይሽከረከራል)፣ ከስር ሰፊ ሮንዴላ (ከዳዶው በፊት የሚገባ ቀለበት) እና ድርብ ዳዶ። እግር የሚያርፍበት ላይ የሳይክል ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ጠቀለልኩ። ከመቀመጫው እስከ እግር ማሳረፊያው ያለውን ርቀት የልጁ ጉልበት ትንሽ እንዲታጠፍ አርጉት፣ እግሩ ተዘርግቶ ካለቀ አግዳሚውን ሙሉ ማዞር አይችልም፣ እኔ ይሄን ያወቅኩት ሁለቴ ከበሳሁ በኋላ ነው።